የገመቹ ሳይክልና ሁለቱ ምስክሮች

ሰኞ

አንዱ አስር ይላል፣ አንዱ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት። አንድ ሳይክል፣ አንድ ሰው፣ አንድ መንገድ። አራት መቶ ሜትሩ የት ገባ?

ገመቹን ጠየቅኩት። «እኔ ምን አውቅልሻለሁ፣ ዕቃዎቹን ጠይቂያቸው» አለና ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። ሰላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው ባሌ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እግሩን የሚያንቀሳቅሰው ከሶፋው ወደ ማዕድ፣ ከማዕድ ወደ ሶፋው ነበር። ታዲያ ስኳሩ ወጣ። ወጣ ስል ደግሞ ወጣ ነው፤ ሐኪሙ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

ትእዛዙ ይሄ ነው። በቀን አስር ኪሎ ሜትር ሳይክል መንዳት፣ ምክንያቱም ጉልበቱ የእግር መንገድ አይችልም። ማንጎ ክልክል። ሻይ ያለ ስኳር። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ይለካል፤ ካልወረደ መርፌ ይጀምራል። መርፌ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ዐመድ ይመስላል። ከነቀምቴ እስከ ኩርሙክ ብቻውን ያሽከረክር የነበረ ወንድ!

እኔ የምፈራው መርፌውን አይደለም። አባቴን በዚሁ በሽታ ነው የቀበርኩት። መጀመሪያ ጣቱን ቆረጡት፣ ቀጥሎ እግሩን፣ ከዚያ እሱኑ አጣሁት። ስለዚህ አስር ከተባለ አስር ነው። ዘጠኝ ነጥብ ስድስት አይደለም።

ሳይክሉ ላይ ከድሮም ቆጣሪ አለ። የፊት ጎማው የራጂ ሽቦ ላይ ትንሽ ማግኔት ታስራለች፣ ጎማው በዞረ ቁጥር ይቆጥራል። ጂፒኤሱ ግን የመጣው ትናንት ነው። የልጃችን የሌንሴ ባል ቀያሽ ነው፣ ጉባ ግድቡ ላይ ሠርቷል፤ የእሱን አሮጌ ጂፒኤስ «ለአባዬ» ብላ ከአዲስ አበባ ላከችልን። ከሳተላይት እየተቀበለ የሄድክበትን መንገድ በመስመር ይስላል። መሪው ላይ በሱሪ ላስቲክ አሰርኩት። ሁለት ምስክር አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ በመጀመሪያው ቀን ተጣሉብኝ። ነገ ለሌንሴ እደውላለሁ።

ማክሰኞ

ዛሬም ያው። ቆጣሪው አስር፣ ጂፒኤሱ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት። ገመቹ «አራት መቶ ሜትር ሰረቀ ብለሽ ክሰሺኝ እንግዲህ» እያለ ሲያላግጥብኝ ዋለ።

ለሌንሴ ደወልኩ፣ ስልኩን ለባሏ ሰጠችው። «እማዬ፣ የጎማውን ዙሪያ ስንት ብለው ነው ያስገቡት?» አለኝ። ለካ ቆጣሪው የጎማውን ዙሪያ ካልነገሩት ርቀቱን አያውቅም። ያስገባሁት ደግሞ እኔው ነኝ። በልብስ መለኪያ ሜትሬ ነው የለካሁት፣ ሜትሩ ሲያልቅብኝ ጎማው ላይ በጠመኔዬ ምልክት አድርጌ ቀጠልኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መለካት ማን ያስተምረኛል? ቁጥሩን ነገርኩት። ከዚያ በትሕትና «ትንሽ አልበዛም?» አለኝ።

ወጥቼ እንደገና ለካሁ። ሁለት ሜትር ከሰባት ሴንቲ። ያስገባሁት ሁለት ሜትር ከአሥራ አምስት። ስምንት ሴንቲው ከየት መጣ? ጎማውን ይዤ ቁጭ ብዬ አሰብኩ አሰብኩ... ያ ዋቃዮ! የእጥፋቱ ነው! ቀሚስ ስቆርጥ ሁልጊዜ ለታች እጥፋት አራት ጣት እተዋለሁ፣ ልጅቷ ብታድግ ይለቀቅላታል ብዬ። እጄ ከልማዱ ለጎማውም ትቶለታል። ጎማው ቢያድግ ብዬ!

ለገመቹ ነገርኩት፣ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባው ወረደ። ከዚያ ወጥቶ ሠፈሩን በሙሉ አዳረሰው። ጎረቤታችን አብዱ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ምላሱ ከባጃጁ ይፈጥናል። ሱቄ በር ላይ ቆሞ «እትዬ አስቴር፣ የባጃጄን ጎማ ያጥብቡልኝ፣ ሰፍቶብኛል» አይለኝም? መቀሴን ይዤ ስነሳ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ቁጥሩን አስተካከልኩ። ነገ እናያለን።

ረቡዕ

አስር ነጥብ አንድ! አስር ነጥብ አንድ! ሁለቱም!

ሁለቱን ዕቃዎች ጎን ለጎን ይዤ እንደ መንታ ሳምኳቸው። ገመቹንም ሳምኩት። ላብ በላብ ሆኗል፣ ቀኝ እግሩን ትንሽ ያነክሳል። «ምን ሆንክ?» ስለው «ጫማው ነው፣ ጠበበኝ» አለ። የማሽላ ገንፎ ሠራሁለት፣ ቅቤ የለው፣ ማር የለው። እያየኝ በላ። እንዲህ ዓይነት ገንፎ በሰላሙ ጊዜ ቢቀርብለት ድስቱን ይዞ ለሽማግሌ ይከሰኝ ነበር።

በዚህ ከቀጠለ ዓርብ ሳምንት መርፌ የለም። ለሌንሴ ጻፍኩላት፣ የልብ ምልክት ላከችልኝ። ደስ ብሎኝ የሦስት ተማሪ ዩኒፎርም ቁልፍ ሰፍቼ ጨረስኩ።

ሐሙስ

ቆጣሪው አስር ነጥብ ዜሮ ዜሮ። ጂፒኤሱ ሦስት ተኩል።

ሦስት ተኩል!

«ደመና ነው» አለኝ ገመቹ። «ሳተላይቱን ደመና ያዘው።» ሰማዩን አየሁት። አንድ ቁራጭ ደመና ነበረች፣ እሷም ወደ ሱዳን እየሄደች ነው።

ጂፒኤሱ የሳለውን መስመር ከፈትኩ። መስመሩ ከቤታችን ይነሳል፣ በባምባሲ መንገድ ከከተማ ይወጣል፣ ትልልቆቹ ማንጎዎች ጋ ሲደርስ ይቆማል። እዚያ ጋ የተጠላለፈ ክር የመሰለ ነገር ሠርቷል፣ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ከዚያ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። አማቼን በስልክ ጠየቅኩት። «ዛፍ ሥር ለረጅም ሰዓት ቆሞ ከሆነ እንደዚያ ይቃዣል እማዬ» አለኝ። ከዚያ የተናገረው ነገር የገባው መሰለኝ፣ «እኔ ግን አላውቅም» ብሎ ስልኩን ለሌንሴ ወረወረው።

ለረጅም ሰዓት ቆሞ። ማንጎ ዛፍ ሥር። እዚያ ማን አለ?

አብዱን ምንም እንዳልሆነ ሰው ሆኜ ጠየቅኩት። «የሐዋ ቤት ነዋ፣ የከርከዴ ሻይ የምትሸጠው። ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚያርፈው፣ እትዬ። እጇ ይባረክ!» አለኝ። እጇ ይባረክ።

ይሄ ብቻ አይደለም፣ ሌላም አለ። ገመቹ ዛሬ ካልሲውን አጠበ። ራሱ! በሳሙና! ከተጋባን ጀምሮ ካልሲ የት እንደሚታጠብ የማያውቅ ሰው ጓሮ ገብቶ ካልሲ አጠበ፣ ደግሞ ስመጣበት ደነገጠ። ጂፒኤሱን ካመንኩ የሴትዮዋን ቤት ሲዞራት ውሏል። ቆጣሪውን ካመንኩ ደግሞ አስር ኪሎ ሜትር ነድቷል፣ ግን የት? ሳይክል ካልሄደ ጎማ እንዴት ይዞራል?

ልጠይቀው አልኩ፣ ተውኩት። ከጠየቅኩት ያለቅሳል ወይ ይቆጣል፣ ሁለቱንም አልችልም ዛሬ።

ዓርብ

ጠዋት አስታወቅኩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ቆጣሪውን አላምንም። እኔ የማምነው ሳተላይቱን ብቻ ነው።» ገመቹ ትንሽ አሰበና «መልካም» አለ። ያ «መልካም» አልጣመኝም።

ማታ ሲመለስ ጂፒኤሱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ስጦታ አቀረበልኝ። ከፈትኩት። ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር።

«ዛሬ ጉልበት አግኝቼ ነበር» አለ፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው።

መስመሩን አየሁ። ባሌ ዛሬ መናኸሪያ አራት ጊዜ ሄዷል። ገበያ ሦስት ጊዜ። ሆስፒታል በር ሁለቴ። አንድ ሰው ሠርግ ቤት አድርሶ ተመልሷል መሰለኝ። ከፍተኛ ፍጥነት የሚል አለ፣ ነካሁት፦ አርባ ስድስት። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ በዚያ ሆድ፣ በሰዓት አርባ ስድስት!

«ቁልቁለት ነበር» አለኝ።

«መናኸሪያው ነው ቁልቁለቱ?»

ቆጣሪውን አየሁ፤ ሦስት ነጥብ አራት። ማንጎዎቹ ድረስ ደርሶ መልስ ማለት ነው። ወጥቼ አብዱን ጠራሁት። ገና ሳልጠይቀው ላብ አጠመቀው። «እትዬ፣ እኔ የለሁበትም፣ ጋሽ ገመቹ ናቸው 'ይቺን ዕቃ ትንሽ አንሸራሽርልኝ' ያሉኝ። ከዚያ ተሳፋሪ በዛና ረሳኋት።»

የመኪና ቆጣሪ ገመድ ሲነቅሉ የኖሩ ሾፌሮችን ሲያማልኝ የከረመ ሰው! እኔ እኮ ሐቀኛ ሾፌር አገባሁ ብዬ ነው ስኮራ የኖርኩት። ራቱን ሰጥቼው ወደ ስፌቴ ሄድኩ። አንድ ሱሪ ዚፑን በኋላ ሰፋሁት።

የሚያስጨንቀኝ፦ አንደኛ፣ ሴትዮዋ። ሁለተኛ፣ ስኳሩ። ሦስተኛ፣ ሴትዮዋ ብትሆንስ ይሻለኝ ነበር ወይ ብዬ ማሰቤ። ሴትን ከቤት ማስወጣት ይቻላል፣ ስኳርን በምን አስወጣዋለሁ?

ቅዳሜ

በምን እንደምጀምር አላውቅም፣ ግን ልጻፈው።

ጠዋት «ጂፒኤሱ ባትሪ ጨርሷል፣ ዛሬ ያለሱ ሂድ» አልኩት። ደስ አለው። ሳይክሉን ይዞ ወጣ። ትንሽ ቆይቼ ሱቄን ዘጋሁ፣ ከአብዱ ባጃጅ ኋላ ገባሁ፣ የሐሙስን መስመር ከፈትኩ። ትንሿ ቀስት መስመሩን ይዛ ስትሄድ ልቤ አብሯት ይሄዳል። አብዱ አንድም ቀልድ አልተናገረም፣ እሱም ፈርቷል።

ማንጎዎቹ ጋ ደረስን። ቀስቷ የዶሮ ጭረቱ መሐል ገባች። ቀና ስል ምን አያለሁ?

ሳይክሉ ተገልብጦ ቆሟል፣ ጎማዎቹ ወደ ሰማይ። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በቀኝ እጃቸው የሙስበሃ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፣ በግራ እጃቸው የፊት ጎማውን ያዞራሉ። ጎማው እንዝርት ሆኗል! ባሌ ደግሞ ማዳበሪያ ላይ ጋደም ብሎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ማንጎ እየላጠ ነው።

«ገመቹ!»

ማንጎው ከእጁ ወደቀ። ሽማግሌው ግን አልደነገጡም፣ ጎማውንም አላቆሙም። «መርሐባ! ግባ፣ ተቀመጥ። አንተ የገመቹ ሚስት ነህ?» አሉኝ። ሐጂ ኢብራሂም ይባላሉ፣ የማንጎዎቹ ባለቤት። አማርኛችን የሁላችንም ከትምህርት ቤትና ከገበያ የመጣ ነው፣ ሐጂ ግን ወንድና ሴት አይለዩበትም። ከቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት ብርጭቆ ይዘው ብቅ አሉ። «ሐዋ ነው፣ የኔ ሚስት» አሉ ሐጂ። ጥርሳቸው ያለቀ፣ ሳቃቸው ያላለቀ እናት ናቸው። አፈርኩ። ግን ቁጣዬ መንገድ ጀምሯል፣ የሚቆምበት አጣ።

ጮህኩ። አባቴን አነሳሁ፣ ሐኪሙን አነሳሁ፣ ባጃጁን አነሳሁ። «ማንጎ! ስኳር ያለበት ሰው፣ ማንጎ! ለመሞት ከፈለግክ ቤትህ ሙት እንጂ እዚህ ድረስ ምን አመጣህ?» እያልኩ ወደ እሱ ተጠጋሁ። እሱም «ሰው ቤት የቀረበልሽን እምቢ ትያለሽ? ነውር አይደለም?» እያለ ይከራከረኛል። እዚህ አገር ማንጎ ሥር የተቀመጠ ሰው የቀረበለትን አይገፋም፣ እውነቱን ነው፣ ግን በቀን ስንቴ ይቀርብለታል? እንዲህ እየተጨቃጨቅን ሐጂ ጎማውን አቆሙ። ወደ ታች እያዩ «እግር! እግር!» አሉ።

እኔም አየሁ። ባለ ተረከዙ ጫማዬ የገመቹ ባዶ እግር ላይ ቆሟል። በሙሉ ክብደቴ፣ ጣቶቹ ላይ። እሱ ግን ስለ ማንጎው መከራከሩን አላቆመም።

እግሬን አነሳሁ። አውራ ጣቱ ሥር ቁስል አለ። ጠርዙ ጠቁሯል። ረግጬው አልተሰማውም።

ከዚያ ሐጂ ተናገሩ። «ረቡዕ ጫማ ውስጥ ደም አየሁ። 'አትንዳ' አልኩ። እሱ 'ሚስቴ ይጨነቃል፣ ቆጣሪ ያያል' አለ። እኔ 'እግር ይረፍ፣ ጎማ እኔ ያዞራል' አልኩ። ግን 'ለሚስት ንገር' ብዬም ነበር፣ ወላሂ።»

ካልሲው። ለዚያ ነው ያጠበው። ደም ነበረበት።

አብዱ ባጃጁን ሳልነግረው አስነሳ። ሆስፒታል ተረኛዋ ነርስ አጥባ ሸፈነችው፣ ነገ ጠዋት ሐኪም ያየዋል አለችን። የገመቹን ጫማ ታቅፌ ነው የተመለስኩት፣ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

እሁድ

ቸርች አልሄድንም። መዘምራኖቹ ሲለማመዱ ከሩቅ እየሰማሁ ሆስፒታል ወንበር ላይ ጸለይኩ፣ ጸሎቴ ግማሹ ስድብ ነበር።

ሐኪሙ ስኳሩን ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ። ዓርብ አይጠበቅም፣ መርፌው ዛሬውኑ ተጀመረ። ሳይክል ተከለከለ። ጥቁሩ ቦታ ተጠርጎ መድኃኒት ተሰጠው። «ረቡዕ አየዋለሁ» አለ ሐኪሙ፣ «ጥቁሩ ከሰፋ ጣቱን ማዳን አንችልም።» ጣቱን። አባቴም የጀመረው በጣት ነው። ወጥቼ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ።

ስመለስ ጠየቅኩት። «ለምን ደበቅከኝ?»

ገመቹ ብዙ አይናገርም፣ ሲዋሽ ብቻ ነው አፉ የሚፈታው። ዛሬ ግን እንዲህ አለ፦ «አባትሽን ተሸክሜ ሆስፒታል ያስገባሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ፊትሽን አይቻለሁ። ደግሜ እንዳላየው ብዬ ነው።»

ልመታውም ላቅፈውም ፈለግኩ። ሁለቱንም አደረግኩ፣ መጀመሪያ መታሁት። እወደዋለሁ ይሄን ሐሰተኛ። ካለሱ ቤቱን ምን አደርገዋለሁ?

ሰኞ

መርፌውን ቤት የምወጋው እኔ ነኝ ተባለ። ነርሷ እንድለማመድ ማንጎ ሰጠችኝ፤ «ልጣጩ እንደ ሰው ቆዳ ነው» አለች። ማንጎውን ወጋሁት፣ ወጋሁት፣ ወንፊት አደረግኩት። «እጅሽ ጥሩ ነው» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ ይዤ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ጥሩ ባይሆን ይገርመኝ ነበር።

ገመቹ ግን ማንጎውን አይቶ ተነሳ። «አስቴር፣ እኔ ሱሪ አይደለሁም።»

«ሱሪ ብትሆን ይሻል ነበር፣ ሱሪ አይዋሽም። ሸሚዝህን ግለጥ።»

ዓይኑን ጨፈነ፣ መዝሙር ጀመረ። ወጋሁት። መዝሙሩን ቀጠለ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ዓይኑን ገለጠና «መቼ ነው የምትወጊኝ?» አለ። ጨርሻለሁ ስለው አላመነኝም፣ ባዶውን መርፌ አሳየሁት። ለዚህ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ጎማ የዞረው።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ኢብራሂም መጡ። አሥራ ሁለት ዓመት ሱከሪ አለባቸው፣ እሳቸው ሱከሪ ነው የሚሉት። እግራቸውን አሳዩኝ፤ ጭረት የለበትም። «እኔ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት እግር ያጥባል። ሲያጥብ ያያል። ትንሽ ነገር ካለ ያያል። ያንተ ባል እግሩን መቼ ያያል?» አሉኝ። ገመቹ እግሩን የሚያየው ጥፍሩ ካልሲ ሲቀድ ነው። ሐኪሙም በየቀኑ እዩት ብሎ ነበር፣ በምን ሰዓት ግን አላለም።

ስለዚህ ሕግ ወጣ። አዛን ሲሰማ ገመቹ እግሩን ያሳያል፤ የተሸፈነውን ውሃ ሳያስነካ፣ ደህናውን እግር ከነጣቶቹ መሐል። የእግሩን ሥር ለማየት የሱቄን ትልቅ መስታወት እንጠቀማለን። ዛሬ አንዲት ደንበኛዬ ቀሚሷን ለክታ ወደ መስታወቱ ዞር ስትል የገመቹ ተረከዝ ጠበቃት። ጮኸች። ቀሚሱ ግን ልክ ነው።

ማክሰኞ

አልተኛሁም። ሽፋኑን መክፈት አይፈቀድም፣ ስለዚህ እያየሁት አላየውም። ይሸታል? አይሸትም። ቀይ ወደ ላይ ወጥቷል? አልወጣም መሰለኝ። ትኩሳት የለውም። በሰዓት ልዩነት ሦስቴ ግንባሩን ነካሁ፣ ሦስተኛው ላይ «ዳቦ ነኝ እንዴ፣ በሰልኩ?» አለኝ።

የዛሬ ጉድ፦ ጂፒኤሱን ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ረስቼዋለሁ። ክፍት ነው ለካ። ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዷል! መስመሩ ሶፋውን ዞሮ፣ ጓሮ ወጥቶ፣ የጎረቤት ቤት ገብቶ ተመልሷል። የገመቹን ደስታ ቢያዩት! «አየሽ? አየሽ? ይሄ ነው ሲመሰክርብኝ የነበረው!» ሶፋው ላይ ሆኖ እጁን ያጨበጭባል። «ቢያንስ እሱ ተንቀሳቅሷል» አልኩት።

ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም ወደ እግሩ አየን፣ ሳቁ ቆመ።

የመግሪቡ አዛን ሲሰማ ሳልጠራው እግሩን ዘረጋ። ወንጌል ሰባኪያችን በዚያው ሰዓት ሊጠይቀው መጥቶ ነበር። «ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ። ገመቹ ኮስተር ብሎ «ሰዓቱ ደርሶ ነው» አለው። ሰባኪው ሻዩን ቶሎ ጠጣ። በኋላ አስረዳሁት፣ ያመነኝ አይመስለኝም።

ነገ ረቡዕ ነው። ጌታ ሆይ፣ ጣቱን ብቻ አይደለም የምለምንህ፣ ታውቃለህ።

ረቡዕ

ጠዋት ወጣን፣ አብዱ በር ላይ ጠበቀን። ገመቹ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፎቶ የሚነሳ ይመስል።

ቁስል የሚጠርገው ልጅ እግር ነርስ ሽፋኑን ቀስ ብሎ አነሳው። እኔ አላየሁም፣ የነርሱን ፊት ነው ያየሁት። ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ አውቀዋለሁ ያንን ፊት፣ ጨርቅ ሳይበቃኝ ሲቀር ደንበኛ ዘንድ እኔም የማደርገው ነው። ሐኪሙ መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ የጥቁሩን ጠርዝ በብረቱ ጫን አደረገ። ምንም። ወደ ጎን ጫን አደረገ። ምንም። ገመቹ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል እያየ ነው። ከዚያ ሐኪሙ ጥቁሩ ከተጠረገበት ሥር፣ ቀይ ቀይ የሚለውን ቦታ ጫን አደረገው።

«ኧረ! ምነው ዶክተር! ያማል እኮ!»

እልል አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣው፣ ረጅም እልልታ፣ የሠርግ። ቀጣዩ ክፍል ያሉ በሽተኞች ብቅ አሉ፣ አንዲት እናት ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውኝ እልል አሉ። ገመቹ ተናደደ። «ሰው ሲያመው እልል ይባላል? ምን ዓይነት ሴት ነሽ?» ሐኪሙም ሳቀ። «ይጩሁ፣ ደስ ይላል» አለው። ደም አለው፣ ስሜት አለው፣ ጥቁሩ አልሰፋም። ጣቱ ለጊዜው ይቆያል። ለጊዜው፣ አለ፤ ደገመው፣ ቅዳሜ ተመለሱ አለ። ገና ብዙ ነገር አለ፣ ስኳሩም ገና ነው። ሰማሁት፣ ገብቶኛል።

ስንመለስ ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ገመቹ «ወይኔ እግሬን!» አለ። አብዱ ደንግጦ «ይቅርታ ጋሼ፣ ቀጣዩን ጉድጓድ እዞረዋለሁ» አለ።

«አትዙር» አልኩት። «ቀጥ ብለህ ግባበት።»

ገባበት። ገመቹ እስከ ቤት ድረስ እኔንም አብዱንም መንገድ ሠሪዎቹንም እየረገመ ሄደ፣ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ «እስቲ ድገመው» እላለሁ።